እንዳላችሁ

አምላክ አንደበት ሲያድል ለባምላኩ በእፍኝ ሳይሆን በቁና ነው የሰፈረለት። ቢቸና ተወልዶ፣ በልጅነቱ ዲማ ወርዶ ሦስት ዓመት ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ፣ ከዚያ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተመለሰ ሰው ነው። አሁን የሕግ ተማሪ ነው፤ አምስተኛ ዓመት ደርሷል። በዩኒቨርሲቲው የልምምድ ችሎት ላይ ሲቆም፣ ዳኛ ሆነው የተቀመጡት መምህራን ብዕራቸውን አስቀምጠው ያዳምጡታል። አንዴማ ተቃራኒ ወገን ሆና የቆመችው ፍሬ የራሷን መልስ ረስታ አጨብጭባለታለች። እስካሁን ሲነሳባት ትናደዳለች። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ ሁን ቢባል ምን ይሳነዋል?

ተሳነው። እንዴት እንደተሳነው ልንገራችሁ።

ሞጣ ፍርድ ቤት አጠገብ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል አለች። በሯ ላይ «ነፃ የሕግ ድጋፍ ለሕፃናትና ለቤተሰብ» ይላል። የሕግ ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመታቸው አራት ወር እዚያ ይሠራሉ፤ መዝገብ ይመረምራሉ፣ ባለጉዳይ ያነጋግራሉ፣ ዳኛ ሲፈቅድ በአሠልጣኛቸው ኃላፊነት ችሎት ይቆማሉ። አሠልጣኟ ወይዘሮ ዘይዳ ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ሞጣ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ ከቤተሰቡ ሕግ የተማሩት እሳቸው ብቻ። ተማሪዎቹ «እትዬ ዘይዳ» ይሏቸዋል። ንግግር አይወዱም። «ነጋዴ ቤት ያደገ ሰው፣ ሻጭ ብዙ ሲያወራ ሚዛኑን ነው እሚያይ» ይላሉ። ይህን ሲሉ ባምላኩን ማየታቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ከባምላኩ በቀር።

ለባምላኩ የደረሰው መዝገብ የሉሊት ነበር። ሉሊት እናቷን ያጣችው በአራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሀብተ ሥላሴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲመላለስ ከበዛብሽ ጋር ተዋውቆ አገባትና ልጁን ይዞ ሞጣ ገባ። በዛብሽ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከአብራኳ የወጣ ልጅ የላትም። ዘንድሮ ያን ሁሉ ገደልና ጠመዝማዛ በሰላም ሲያልፍ የኖረው ሀብተ ሥላሴ ጉበቱን ታመመና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞተ። አባቱ በተቀበሩበት ደብር፣ ቢቸና ተቀበረ።

የሠልስቱ ዕለት ታላቅ ወንድሙ አቶ አምባቸው በለቀስተኛው መሀል ብድግ አሉ። አቶ አምባቸው በቢቸና ሽማግሌ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠሩ ሰው ናቸው። «ወንድሜ ዘር ትቶልኛል» አሉ። «ሉሊት ከእንግዲህ የእኔ ልጅ ናት። ከእኔ ቤት ሌላ ቤት ካደገች አምባቸው አትበሉኝ።» ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ «ወንድም ይሏል እንዲህ ነው» ተባለ። በዛብሽ ነጠላዋን ዝቅ አደረገች። በሐዘን ድንኳን ውስጥ ማን ይሟገታል? ልጅቱንም የጠየቃት አልነበረም።

አቶ አምባቸው ቃላቸውን በወረቀት ለማጽናት ሞጣ ፍርድ ቤት ሞግዚት ልሁን ብለው አመለከቱ። ሕጉ ወላጅ ለሌለው ልጅ ማን ሞግዚት እንደሚሆን በተራ አስቀምጧል፤ አጎት በተራው ውስጥ አለ፣ እንጀራ እናት ግን የለችም። ሆኖም ለልጅቱ የሚበጃት ሌላ ሆኖ ከተገኘ ዳኛ ተራውን ሊዘል ይችላል። በዛብሽም በሁለት መስመር ማመልከቻ «እኔም አለሁ» አለች። ዳኛዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው አዩና፣ የልጅቱን ፍላጎት አጣርቶ ያቅርብ ሲሉ መዝገቡን ወደ ሕግ ድጋፍ ማዕከሉ መሩት። እንግዲህ ሉሊት ቢቸና ትደግ ወይስ ሞጣ የሚለው ነገር፣ ግማሹ በባምላኩ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ለአርባው ሉሊት ከሞጣ ቢቸና መምጣቷን ሲሰማ ባምላኩ ደስ አለው። እሱም በዚያው ሰሞን እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ሌላ ቀን ከምመላለስ እዚሁ አነጋግሬያት ልገላገል ብሎ ወደ አቶ አምባቸው ቤት ጎራ አለ። ሰዎቹም የአገራቸው ልጅ፣ ያውም የሕግ ሰው መጣ ብለው ጥሩውን ወንበር ሰጡት። ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ የአቶ አምባቸው ባለቤት፣ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ጠላ ቀዱለት። አራት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ሉሊት ከጓዳ ተጠራች። ፊቷን ታጥባ፣ ጠጉሯን አዲስ ተሠርታ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ምሰሶው ሥር ቆመች።

ባምላኩ ተናገረ። ስለ ሕፃናት መብት ተናገረ፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ ተናገረ፣ ዓለም በሙሉ ስለ ፈረመው ስምምነት ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ሩብ ሰዓት ያህል ከተናገረ በኋላ፣ «እንግዲህ ሉሊት፣ ከአጎትሽ ጋር እዚህ ብትኖሪ ትወጃለሽ?» አላት።

ልጅቱ መሬት መሬት እያየች፣ «እንዳላችሁ» አለች።

«ተባረኪ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ከልብሽ ነው? ማንም ሳያስገድድሽ?»

«እንዳላችሁ።»

«ያደገች ልጅ» አሉ ሌላው። ባምላኩም ልቡ ረካ። እናቱ ብትሰማ ኖሮ እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደገ እጅ ይባረክ ትል ነበር። ዳቦውን ጨርሶ፣ ሞጣ ተመልሶ፣ እትዬ ዘይዳ ለሁለት ቀን ባሕር ዳር ስለነበሩ ሳያሳያቸው፣ «ሕፃኗ ከአጎቷ ጋር ለመኖር በነፃ ፈቃዷ ተስማምታለች» የሚል ሦስት ገጽ ያማረ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሬጅስትራር አስገባ። ያማረ መሆኑን እኔም አልክድም።

እትዬ ዘይዳ ተመልሰው ቅጂውን አነበቡ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የት ተቀምጠህ ነበር?» አሉት።

«ወንበር ላይ።»

«እሷስ?»

«ቆማ ነበር።»

«ቤቱ የማን ነው?»

«የአቶ አምባቸው።»

«ዳቦ በላህ?»

«በላሁ» አለ ባምላኩ።

እትዬ ዘይዳ ተነሡና ግድግዳው ሥር ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሴት በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሆኑ። «ጠይቀኝ» አሉ።

«ከአጎትሽ ጋር መኖር ትወጃለሽ?»

«እንዳላችሁ።»

«ከእንጀራ እናትሽ ጋርስ?»

«እንዳላችሁ። ፍሬ፣ አንቺም ጠይቂኝ።»

አብራው ለልምምድ የተመደበችው ፍሬ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ፣ «ጉንደ ወይን ወስደን ገደል ብንሰድሽስ?» አለች።

«እንዳላችሁ» አሉ እትዬ ዘይዳ።

ፍሬ ሳቀች። ባምላኩ ግን አልሳቀም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ» አሉ እትዬ ዘይዳ ወደ ወንበራቸው እየተመለሱ። «የሙስሊም ቤትም ይሁን የክርስቲያን ቤት፣ ጨዋ ልጅ ለትልቅ ሰው እምትመልሰው ይህንኑ ነው። ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። አንተ ሰላምታዋን ተቀበልህና ፈቃድ ብለህ ጻፍህ።»

«እና አልፈልግም ማለቷ ነው?»

«እሱንም አላለችም። ምንም አላለችም።»

ባምላኩ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። አሥር ዓመቱ ነበር። አባቱ ከመሪጌታው ጋር ቁጭ ብለው ጠሩትና፣ ቅኔ ቤት ልስጥህ ወይ አሉት። እሱም እጁን አጣምሮ፣ እንዳሉ አባባ አለ። በማግሥቱ አኩፋዳውን አንግቦ ዲማ እስኪደርስ ድረስ፣ አባቱ ከፊት እሱ ከኋላ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲያለቅስ ሄደ። ቅኔውን በኋላ ወዶታል፤ ዛሬም አይቆጨውም። ግን ያን ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም፣ እና ይህን እስከዛሬ ለራሱም ነግሮት አያውቅም።

«ቀጠሮው መቼ ነው?» አሉ እትዬ ዘይዳ።

«የዛሬ ዘጠኝ ቀን።»

«ልጅቱን እንደገና አነጋግር። ያቀረብኸውን ቃል ደግሞ ታነሳለህ።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍም። ዳኛዋ መጠየቃቸው ስለማይቀር ቆመህም ትናገራለህ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

ባምላኩ አቶ አምባቸው ብቻቸውን እንደማይመጡ ያውቃል፤ የቢቸና ሽማግሌዎች ይከተሏቸዋል። እነሱ ፊት ቃሉን ሊያጥፍ ነው። «እትዬ ዘይዳ፣ እኛ አገር እኮ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባል።»

«ተረቱን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ መዝገቡን እየዘጉ። «የተረተው ሰውዬ ልጅ አልነበረውም መሰለኝ።»

በማግሥቱ ባምላኩ ወደ በዛብሽ ቤት ሄደ። ቤቷ ከገበያው ጀርባ ናት፤ ሁለት ክፍልና ትንሽ ግቢ። በዛብሽ ዱካ አቀረበችለትና ልጅቱን ትታለት ገባች። «ትምህርት እንዴት ነው?» አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ነገ ብመጣ ቅር ይልሻል?» «እንዳሉ።» ሁለተኛው ቀንም ከዚህ አልተሻለም። ባምላኩ ወደ ማደሪያው ሲመለስ ዲማ የቅኔ ጉባኤ ላይ ቃል ጠፍቶበት ከተገረፈ ወዲህ እንዲህ አፍሮ እንደማያውቅ አሰበ።

በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ግቢው መሀል ሰሌን ተነጥፎ፣ ሁለት ጆንያ በርበሬ ተዘርግፎ ነበር። በዛብሽ ወፍጮ ቤት ልትደርስ ስትወጣ በር ላይ አገኘችው። «ዛሬስ ሥራ ላይ ነን፣ ወንድሜ፤ ማስቀመጫም የለን» አለችው። ሉሊት ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ዱካው በርበሬ ተከምሮበታል። ባምላኩ ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለና እሱም መቀንጠስ ጀመረ።

አይችልም። አናቱ ላይ ያለችውን ጭራ ብቻ ከመንቀል ይልቅ በርበሬውን ከወገቡ ይሰብረዋል፤ ፍሬው ይዘረገፋል። ሉሊት አንዴ በጎን አየችው፤ ሁለተኛም አየችው።

«እንዲህ አይደለም» አለች በለሆሳስ።

ባምላኩ ሊመልስ ሲል አስነጠሰው። አስነጠሰውና፣ ሞኝ፣ በዚያው እጁ ዐይኑን አሸ።

«ዐይንህን አትንካ» ብላ ብድግ አለች። አንቱታው የት እንደገባ እንጃ። ግን ቀድሞ ነክቶታል። ዓለም ሁሉ እሳት ሆነበት፤ እንባው በጉንጩ ወረደ፣ ሌላኛውን ዐይኑንም ሊያሽ እጁን አነሳ። «አትንካ አላልሁህም? እጅህን ወዲያ አድርግ።» ሮጣ ውኃ በጆግ ይዛ መጣች። «ጎንበስ በል። ጎንበስ በል አልሁህ። አሁን ዐይንህን ክፈት።»

«እንዳልሽ» አለ ባምላኩ ጎንበስ ብሎ።

ሉሊት ቀጥ አለች። ከዚያ ሳቀች። ውኃው ግማሹ አንገትጌው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሳቀች። ባምላኩም አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ሸሚዙ ርሶ፣ አብሯት ሳቀ።

ተመልሰው ተቀመጡና እንዴት እንደሚቀነጠስ አሳየችው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ ጠምዘዝ አድርጎ። ከዚያ ባምላኩ በሕይወቱ ያልሠራውን ሥራ ሠራ። ዝም አለ። የመጣበትን ጥያቄ ሁሉ ዋጠው። ግማሽ ጆንያ ያህል ቀነጠሱ።

«አባቴም እንዲሁ ነበር እሚያለቅስ፣ በርበሬ ሲቀነጥስ» አለች ሉሊት በመጨረሻ።

ባምላኩ ሌላ በርበሬ አነሳ።

«ቢቸና አባቴን ማንም አያነሳው። ስሙን ስጠራ ዝም ይሉና ሌላ ወሬ ያመጣሉ። እንዳላለቅስ ብለው ነው። እትዬ ይርጋነሽ ጥሩ ናት፤ ጠጉሬን ስትሠራኝ አታሳምመኝም። አባባ አምባቸውም ጥሩ ናቸው። ግን እዚያ ስሆን አባቴ የሌለ ይመስለኛል። መጀመሪያም ያልነበረ።»

«እዚህስ?» አለ፤ ከአፉ አመለጠው።

«እዚህ እታለም እንደሱ ክላክስ ታደርጋለች።» እታለም የምትላት በዛብሽን ነው። «እራት ስንበላ። አባቴ ሞጣ ሲገባ ሁለቴ ነበር ክላክስ እሚያደርግ። ጲጵ ጲጵ ትልና፣ ‹ሞጣዎች፣ ሀብቴ መጣላችሁ› ትላለች። እኔ እስቃለሁ። እሷም ትስቃለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እኔ ከሄድሁ ለማን ክላክስ ታደርጋለች?»

ባምላኩ ዐይኑ እንደገና ውኃ ሞላ፤ በርበሬ ነው ቢባል ማንም ያምናል። ሲረጋጋ፣ እትዬ ዘይዳ ደጋግመው የነገሩትን አስታወሰ፤ ቃሉ የልጅቱ ነው፣ ሳታስፈቅድ አትውሰድ። «ይህን ለዳኛዋ ልንገራቸው? ምኑን ልንገር፣ ምኑን ልተው?»

ሉሊት አንዲት በርበሬ ይዛ አሰበች። «ክላክሱን ንገር። እታለም ታለቅሳለች እሚለውን አትንገር።»

«እሺ።»

«ደግሞ እትዬ ይርጋነሽ ጥሩ ናት በል። ቅር እንዳይላት።»

«እሺ» አለ ባምላኩ። ደብተሩን አውጥቶ በበርበሬ እጁ ሁለቱንም ጻፈ።

የቀጠሮው ቀን አቶ አምባቸው ባርኔጣቸውን ይዘው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዛብሽ ጥግ ላይ ናት። ሉሊት ከፍሬ ጋር ውጪ ትጠብቃለች። ባምላኩ ለዚህ ቀን ጥሩ መግቢያ ያለው ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። ተነሥቶ የአገሩን ሽማግሌዎች ፊት ሲያይ መግቢያው ጠፋው። ምናልባትም ይሻላል።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የልጅቱ ፈቃድ ብዬ ያቀረብኩት ፈቃድ አይደለም» አለ። «የጠየቅኋት በአመልካች ቤት፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዳቦ በልቼ ነው። እሷ ቆማ ነበር። በጨዋነት የመለሰችልኝን ስምምነት አድርጌ ጻፍኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከአመልካችም ከልጅቱም አይደለም። ቃሌን አነሳለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ኤድያ» አለ። ባምላኩ የወላጆቹን ደጅ አሰበ፣ በዚያ ደጅ የሚያልፈውን ሰው አሰበ።

«ያነሳኸው ቃል በመዝገብ እንደሚሰፍር ታውቃለህ?» አሉ ዳኛዋ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ልጅቱ ምን አለች?»

ባምላኩ የተፈቀደለትን ተናገረ፤ የወይዘሮ ይርጋነሽን ደግነት አስቀድሞ፣ ክላክሱን አስከትሎ። ያልተፈቀደለትን አላነሳም። በዛብሽ አንገቷን ደፋች። አቶ አምባቸው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያዞሩት ጀመር። ባምላኩ በመጨረሻ፣ ዳኛዋ ልጅቱን ራሳቸው በቢሯቸው እንዲሰሟት፣ ቢቻል አጠገቧ ተቀምጠው እንዲሰሟት ጠይቆ ተቀመጠ።

ዳኛዋ ግማሽ ሰዓት ከሉሊት ጋር ቆይተው ተመለሱ። ምን እንዳለቻቸው አልተናገሩም። ብቻ ወደ አመልካቹ ዞረው፣ «አቶ አምባቸው፣ የሚሉት አለ?» አሉ።

አቶ አምባቸው ቀስ ብለው ተነሡ። «እኔ በወንድሜ ሠልስት ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። «አገር ሰምቷል። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚህ ያመጣኝ ከልጅቱ ይልቅ ቃሌ ነው። ቃሌን እንዴት ብዬ እበላለሁ እያልሁ ነው የመጣሁ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይሉን ነበር።» ወደ ባምላኩ ዞሩ። «ይኸ ልጅ የአገሬ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ነው፤ የቃልን ነገር ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። አሁን እፊታችን ቃሉን አጠፈ። አየሁት። መሬት አልዋጠችውም፤ ይኸው ተቀምጧል።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋም ፈገግ አሉ። አቶ አምባቸው ግን አልሳቁም።

«ወንድሜን እኔ ቤት ውስጥ ገደልሁት ለካ። ስሙ እንዳይነሳ ያልሁት እኔ ነኝ። ለልጅቱ ብዬ ነው ያልሁት፤ ለራሴም ነበር፣ አልችለው ብዬ።» ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። «ቃሌን ላቁም ብል እምትጠፋው እሷ ናት። እንግዲያስ የተናገርሁት ይጥፋ። ለነፍስ አባቴ ነግሬ ንስሐዬን እቀበላለሁ። ከበዛብሽ ትሁን። ብቻ አጎት የላትም እንዳይባል።»

ባምላኩ በዚያች ሰዓት ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ፈለገ። ችሎት ስለሆነ አልተነሣም። ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ፤ በዛብሽ ሞግዚት ትሆናለች፣ ሉሊት በየክረምቱ አጎቷ ዘንድ ትሰነብታለች። እትዬ ዘይዳ ወደ ቢሮ ሲመለሱ ባምላኩ ተከተላቸው። በር ላይ ሲደርሱ፣ «የዛሬው ንግግርህ አጭር ነበር» አሉ።

«አነሰ እንዴ?»

«ሚዛኑ ልክ ነው» አሉና አዲስ መዝገብ ሰጡት።

አቶ አምባቸውን ለመሸኘት ሁሉም መናኸሪያ ድረስ ሄዱ። በዛብሽ ለወይዘሮ ይርጋነሽ ብላ የቋጠረችውን በርበሬ ባምላኩ ተሸክሟል። የቢቸናው ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ ረዳቱ «ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ አንድ ሰው» እያለ ይጣራል። አቶ አምባቸው ልጅቱ ፊት ቆሙ።

«ለክረምት ትመጫለሽ፣ ሉሊት?»

«እንዳሉ» አለች መሬት መሬት እያየች። የኖረ ልማድ በአንድ ቀን ችሎት አይለቅም።

አቶ አምባቸው ሊሳፈሩ አንድ እግራቸውን አነሡ። መልሰው አወረዱት። «አባትሽ» አሉ፤ «ሀብቴ፣ አንቺን ሲያክል፣ አንድ ቀን የአባታችንን በቅሎ ሰርቆ ወጣ።» እዚህ ላይ አቃታቸውና ቆሙ። ወንድማቸው ከተቀበረ ወዲህ ስሙን ጠርተው ስለሱ ሲያወሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ረዳቱ የሚኒባሱን በር በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

ሉሊት ቀና አለች። አጎቷን ዐይን ዐይናቸውን አየቻቸው።

«ከዚያስ?» አለች።

«ምን አልሽ?»

«በቅሎዋን ሰርቆ ከዚያስ የት ሄደ?»

አቶ አምባቸው ረዳቱን፣ «ሂዱ፣ በኋለኛው እመጣለሁ» አሉት። ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ጠጋ ብለው ለልጅቱ ቦታ ለቀቁላት። በዛብሽ ነጠላዋን አመቻችታ በሌላው ጎን ተቀመጠች፤ ባምላኩም በርበሬውን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሚኒባሱ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

«መጀመሪያ የበቅሎዋን ጠባይ ልንገርሽ» አሉ አቶ አምባቸው።